ጎል ባታገባ ምናለ

ልጅ እያለሁ እግዚአብሔርን አጥብቄ የለመንኩት አንድ ነገር ቢኖር አንድ እንግሊዛዊ አጥቂ ጎል እንዳያገባ ነው። ሌሎቹ ልጆች አሻንጉሊት ይለምናሉ፣ ብስክሌት ይለምናሉ። እኔ በመነኮሳቱ ጸሎት ቤት የኋላ ወንበር ላይ ተንበርክኬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ኳሷ ወደ ሰማይ እንድትሄድበት እለምናለሁ። እግሩ እንዲከዳው፣ በረኛው እንዲቀድመው፣ ዳኛው እንዲያፏጭበት። ጥላቻዬ ቀልድ አልነበረም፤ ዛሬም ቀልድ አይደለም።

በዘጠናዎቹ ሮም የነበራችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ። ስሙን አልጠራም፤ ከተማውም በስሙ አይጠራውም ነበር። ሊንግሌዜ ነው የሚሉት፣ እንግሊዙ ማለታቸው ነው። ረጅም፣ ፀጉሩ ገለባ የመሰለ፣ ጎል ሲያገባ ሁለት እጁን ዘርግቶ ወደ ደጋፊው የሚሮጥ ሰው ነበር። ፎቶው ያልተሰቀለበት ባርና ፀጉር ቤት አልነበረም። ዛሬም የእኔ ዕድሜ ሰዎች ስለ እሱ ሲያወሩ ዓይናቸው እንባ ያቀራል። የእኔም ያቀራል፣ በሌላ ምክንያት።

አሁን አውቶቡስ ነጂ ነኝ። በቀደም መጨረሻው ፌርማታ ላይ ካለው ባር ቆሜ ቡናዬን ስጠጣ ሰውዬው ቴሌቪዥን ላይ ብቅ አለ። ጡረታ ከወጣ ስንት ዘመኑ፣ አገጩ ተደራርቧል፣ ገለባው ፀጉር የለም። ጠያቂው ስለ ሮም ዘመኑ ጠየቀው። ሊንግሌዜ ትንሽ አሰብ አደረገና፣ "ሮም ቤተሰብ ማለት ምን እንደሆነ አስተማረችኝ" አለ። "የማንን ቤተሰብ?" ብዬ ጮህኩ። የባሩ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ፣ አንድ የሥራ ባልደረባዬም "ደህና ነሽ ሰብለ?" አለኝ። ደህና አልነበርኩም። ወጥቼ አውቶቡሱን አስነሳሁ፤ ያን ቀን ፍሬን በያዝኩ ቁጥር እርስ በርስ የተላተማችሁ ተሳፋሪዎቼ ይቅር በሉኝ።

እናቴ ወርቅነሽ ትባላለች፣ የጉለሌ ልጅ ናት። አባቴ "ቀድሜ ካናዳ ልግባና እወስዳችኋለሁ" ብሎ ከሮም ሄዶ በዚያው የቀረ ሰው ነው፤ ስለ እሱ ይህ ይበቃል። በዚያን ጊዜ ሮም የመጣች የሐበሻ ሴት የሚጠብቃት ሥራ ያው ነው፣ ሰው ቤት ገብቶ እዚያው እያደሩ መሥራት። ፊሳ ይባላል። ፊሳ የሆነች ሴት ከኩሽናው ጀርባ አልጋና ቁምሳጥን የምታስገባ ክፍል ይሰጣታል። ልጅ ግን አታስገባም። ስለዚህ እኛ ልጆቹ መነኮሳት ወደሚያሳድሩበት ትምህርት ቤት እንገባለን፤ ኮሌጆ ነበር የምንለው። እኔ ጋ የኤርትራ፣ የኬፕ ቨርዴ፣ የፊሊፒንስ ልጆች ነበሩ። እናቶቻችን የሰው ልጅ ያሳድጋሉ፣ እኛን ደግሞ ልጅ ያልወለዱ ሴቶች ያሳድጉናል። ይህን ነገር ማን አስቦ እንዳመጣው አላውቅም፣ ባገኘው ግን የምለው አለኝ።

የፊሳ እረፍት ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ነው። ሐሙስ ከምሳ በኋላ የተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አካባቢ በሐበሻ ሴቶች ይሞላ ነበር፤ ያች ቀን ለእኛ ከገና ትበልጥ ነበር። የበሩ ደወል ሲጮህ ከወንበሬ ስነሳ ወንበሩ ይወድቃል። እናቴን ሳቅፋት መጀመሪያ የሚመጣው የበረኪና ሽታ ነው፣ ቀጥሎ የሲኞራዋ፣ የአሠሪዋ ማለት ነው፣ የእጅ ቅባት፣ ከሁሉም ሥር የራሷ ሽታ። እሱ ጋ እስክደርስ አፍንጫዬን ከአንገቷ አላነሳም። ከዚያ በእግራችን እስከ ፒያሳ ኢንዲፔንዴንሳ እንሄድና አግዳሚ ወንበር ላይ ትቀመጣለች፣ እኔን በጉልበቶቿ መሀል አስገብታ መነኮሳቱ በውሃ ለጥፈው ያሰሩትን ፀጉሬን ትፈታና ሹሩባ ትሠራኛለች። መንገድ ዳር ከሚጠበሰው፣ ካስታኛ ከሚሉት የዛፍ ፍሬ ትገዛልኝና ትኩሱን በካፖርቷ ኪስ ውስጥ ይዘን እጃችንን እናሞቅበታለን።

አስፋልቱ ላይ በኖራ ካሬ እየሠራን እንዘል ነበር። እኔ ካምፓና ስለው እሷ "ሰኞ ማክሰኞ ነው ስሙ" ትለኛለች። በሥራ ጫማዋ፣ ካፖርቷን ሰብስባ በአንድ እግሯ ስትዘል ባለ ከረባቶቹ ጣልያኖች ቆመው ያያሉ። ይዩ! በሳምንት አንድ ቀን ተኩል ነው እናት ያለኝ፣ ለማንም ብዬ ቁጭ አልልም።

እናቴ የምትሠራላቸው አሮጊት ሲሞቱ ሥራ ፈታ ነበር። አንዲት ወዳጇ "እንግሊዞች መጥተዋል፣ እንግሊዝኛ የምትችል ሞግዚት ይፈልጋሉ" ብላ ወሰደቻት። እናቴ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰች ናት፣ እንግሊዝኛዋ አይታማም። ቤቱ ከከተማ ወጣ ያለ ቪላ ነው፣ ልጁ ገና የሚድህ ነው፣ ጄሚ ይባላል። ሰውዬው ማን እንደሆነ እናቴ አታውቅም ነበር። ስለ ኳስ ምን አግብቷት!

እኔ ነኝ የነገርኳት። ሊንግሌዜ ወደ ሮም ሲመጣ ኮሌጆው ሰርግ ቤት መስሎ ነበር፣ በሱኦር ፒያ ምክንያት። ሱኦር ፒያ የመኝታ ክፍላችን ኃላፊ መነኩሲት ናቸው፤ የሮም ሥጋ ሻጭ ልጅ፣ ወፍራም፣ ድምፃቸው ገበያ ያስለቅቃል። እሑድ ከሰዓት ትንሽ ሬዲዮ ከሻሻቸው ሥር ጆሯቸው ላይ ለጥፈው መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ ይንጎራደዳሉ። የሚቆጥሩት ጸሎት ይሁን ጎል እሳቸው ያውቃሉ። እናቴ እዚያ ቤት መግባቷ ሲሰማ እኔ በአንድ ቀን ንግሥት ሆንኩ። ቦርሳዬን የሚሸከምልኝ በዛ። "ቁርስ ምን ይበላል? ሲተኛ ያንኮራፋል?" የማላውቀውን ሁሉ እየፈጠርኩ እመልስ ነበር። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ላይ ወድጄው ነበር።

ነገር ግን እሱ የሚሠራው እሑድ ነው። እሱ ሲጫወት ሲኞራዋ ስታዲየም መሄድ አለባት፣ ጄሚን የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል። እናቴ እሑድን ለቀቀች፣ በምትኩ ሐሙስን ሙሉ ቀን ሰጧት። "ኮንትራቶው እንዲህ ነው ሰብልዬ፣ ሐሙስ ግን ማንም አይነካብንም" አለችኝ። ቫ ቤኔ፣ እሺ አልኩ። የልጅ ሆድ ሲታመን ሰፊ ነው።

ከዚያ የአውሮፓ ጨዋታ መጣ። የአገር ውስጡ እሑድ ነው፣ የአውሮፓው ሐሙስ ማታ። በመጀመሪያው ሐሙስ ካፖርቴን ለብሼ፣ ቆቤን አድርጌ፣ እንግዳ መቀበያው ክፍል ውስጥ የቅዱሳኑ ሥዕል ሥር ተቀምጬ ጠበቅኩ። ሌሎቹ እናቶች መጡ፣ ልጆቻቸውን ይዘው ወጡ፣ ተመለሱም። ሱኦር ፒያ መጥተው ቆቤን ከራሴ አነሱና "እናትሽ ደውላ ነበር፣ ዛሬ እኮ ጨዋታ አለ" አሉኝ፣ የምሥራች እንደሚነግር ሰው ዓይናቸው እያበራ። ከእራት በኋላ መመገቢያ አዳራሹ ውስጥ ሬዲዮውን ጠረጴዛ ላይ አውጥተው ከፈቱት። ሊንግሌዜ አገባ። ሱኦር ፒያ ከወንበሬ መንጭቀው አነሱኝና ጉንጬን ሳሙኝ፤ "አለፍን ሰብለ! አለፍን!"

ማነው ያለፈው? ማለፍ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። ቡድኑ ባሸነፈ ቁጥር ቀጣይ ዙር አለ፣ ቀጣይ ዙር ማለት ሌላ ሐሙስ ነው። ከተማው የሚጨፍርለት እያንዳንዱ ጎል ከእናቴ ላይ ተቆርሶ የሚወሰድ ነበር። ለማን ልንገር? አዳራሹ ሙሉ ልጅ እየዘለለ ነው። ሁሉም የሚወደውን ሰው ብቻዬን ጠላሁት፣ ብቻ መጥላት ደግሞ እንዴት እንደሚያደክም የደረሰበት ያውቀዋል።

እንዲህ ሆኖ ነው ከሱኦር ፒያ ጋር አንድ ጸሎት ቤት ውስጥ ተቃራኒ ጸሎት የጀመርነው። እሳቸው ፊት ወንበር ላይ ሆነው እንዲያገባ ይለምናሉ፣ እኔ ከኋላ እንዳያገባ። እሳቸው መነኩሲት ስለሆኑ ይሁን በላቲን ስለሚጸልዩ፣ ሁልጊዜ የሚሰሙት እሳቸው ነበሩ። ስለዚህ ወደ ራሳችን ሰው ዞርኩ። እናቴ እኔን ልትወልድ ስታምጥ ለቅዱስ ገብርኤል ጃንጥላ ተስላ እንደነበር፣ በሰላም ስትገላገልም እንዳስገባች ደጋግማ ነግራኛለች። "ገብርኤል ስለት ሰሚ ነው" ትላለች። አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ፣ ግቢው ውስጥ ካለው የበለስ ዛፍ ሥር ቆሜ፣ በአንገቴ ያለውን ማተብ ይዤ ተሳልኩ። ቅዱስ ገብርኤል፣ ሊንግሌዜ ኳስ መጫወት ካቆመ ጃንጥላ አስገባለሁ።

ብዙም አልቆየ። በአንድ እሑድ የሬዲዮው ሰውዬ ድምፅ ዝቅ አለ። ሊንግሌዜ ሜዳው ላይ ተኝቷል፣ ጉልበቱን ይዟል፣ በቃሬዛ እያወጡት ነው። ሱኦር ፒያ መሀረባቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። ልጆቹ አለቀሱ። እኔ ወደ ግቢው ወጥቼ ገመድ ዘለልኩ። ከልቤ ነው የምላችሁ፣ እንደዚያ ቀን ቀልሎኝ አያውቅም። ሐሙስ እስኪደርስ ፀጉሬን አላስነካሁም፣ እናቴ ትሠራዋለች ብዬ።

ሐሙስ ደረሰ፣ እናቴ ግን አልመጣችም። በሚቀጥለውም አልመጣችም። ለካ ሰውዬው ቤት ነው የተኛው! እግሩ ከታፋው ጀምሮ በጀሶ ታስሯል፣ ሲኞራዋ ደግሞ በሽተኛ መንከባከብ አይሆንላትም፣ "ትንሽ ልረፍ" ብላ እንግሊዝ እናቷ ዘንድ ሄዳለች፣ ጄሚንም ትታ። እናቴ አንዱን ትሸከማለች፣ ሌላውን ትደግፋለች። ገብርኤልን ተቀየምኩት። ያልኩት መጫወት ያቁም ነው እንጂ ቤት ይዋል አላልኩም። የፈለግኩትን እያወቀ እንደ ጠበቃ ቃሌን ብቻ ነው የተከተለው ብዬ ብዙ ቀን ማተቤን ሳልነካ ቀረሁ።

ከስንት ጊዜ በኋላ አንድ ሐሙስ ደወሉ ተደወለ። እናቴ በሩ ላይ ቆማለች፣ ጀርባዋ ላይ በነጠላ የታሰረ ነገር አለ። ጄሚ ነው። ያንን ቀይ ጉንጫም የእንግሊዝ ልጅ አዝላው፣ በሁለት አውቶቡስና በሜትሮ፣ ከተማው ሁሉ እያያት መጥታለች። አፉን ከፍቶ ትከሻዋ ላይ ተኝቷል፣ ለሀጩ ካፖርቷን አርሶታል። ላቅፋት ስል ከኋላ እጄ የነካው እሱን ነው። የራሷን ሽታ ፈለግኩ፣ የሰው ልጅ ወተት ወተት ሸተተኝ።

አግዳሚ ወንበራችን ላይ ተቀመጥን። እንዳይነቃ ብላ ቀስ እያለች ነው የምታወራው፤ ሹሩባም አልሠራችኝም፣ ካጎነበሰች ይነቃላ!

"እኔ ነኝ ያሰበርኩት" አልኳት።

"ምኑን?"

"ጉልበቱን። ለገብርኤል ጃንጥላ ተስዬ።"

ግራ ቀኙን አየች፣ ካራቢኒየሪ ፖሊስ የሰማ ይመስል። ከዚያ ሳቋ መጣባት፤ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ፣ ጀርባዋ ላይ ያለው ልጅ እስኪወዛወዝ ሳቀች። ሳቋ ሲያልቅ ግን ፊቷ ሌላ ሆነ።

"አሎራ፣ ስሚኝ ሰብልዬ። እኔም ተስያለሁ" አለችኝ። "ቶሎ እንዲድን። ለዚያው ለገብርኤል፣ ያንኑ ጃንጥላ።"

"ለምን? ለምን ይድናል?"

"ካልተጫወተ ክለቡ ይሸጠዋል። ከሸጠው ይሄዳሉ። እነሱ ሲሄዱ ኮንትራቶ የለኝም፣ ኮንትራቶ ከሌለኝ ፔርሜሶዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን አያድሱልኝም። ፔርሜሶ ከሌለኝ ደግሞ እኔም አንቺም የት ነው የምንገባው? በዪ ንገሪኝ።"

ልጅ ነኝ። ግን የዚያን ቀን ንዴት እስከ ዛሬ ደረቴ ውስጥ እንደ ፍም አለ። ሮም ተወልጄ፣ በሮም ልጆች አነጋገር እየተሳደብኩ አድጌ፣ የእኔና የእናቴ ኑሮ በአንድ ኳስ ተጫዋች ጉልበት ላይ ነው የተንጠለጠለው። እሱ እዚህ ሲመጣ ከንቲባው እጁን ጨብጦ ነው የተቀበለው፣ ወረቀቱን ሌሎች ይሯሯጡለታል። እናቴ ጣት አሻራ ለመስጠት ገና ሳይነጋ ሰልፍ ትይዛለች። ጸሎታችን እንኳ እርስ በርስ እንዲጣላ ያደረገው ማን ነው? እናትና ልጅ አንድ መልአክ ፊት ቆመን፣ አንዳችን ስበር፣ አንዳችን ጠግን ስንለው ምን ይበል?

"ስለቱስ?" አልኳት።

"ስለት ስለት ነው፣ ይገባል። ሁለቱንም እኔ አስገባለሁ። አንቺ ግን ሁለተኛ በሰው አካል ላይ እንዳትሳይ።"

ዳነ። የእናቴ ስለት ነው የበለጠው። ግን የተመለሰው ያው ሊንግሌዜ አልነበረም። ሲሮጥ ያችን እግሩን ይሰስታል፣ ኳስ ሲደርሰው ያመነታል። ያ እጁን ሲዘረጋ አብሮት ይዘረጋ የነበረ ደጋፊ አሁን ኳስ በነካ ቁጥር ያፏጭበት ጀመር። ሱኦር ፒያ ፎቶውን ከመኝታ ክፍላችን በር ላይ አንስተው የሌላ ሰው ፎቶ ለጠፉ። እኔ መደሰት ነበረብኝ፣ ግን አልተደሰትኩም፤ ፉጨቱ በሬዲዮ ሲሰማ እናቴን የሚያፏጩባት ነበር የሚመስለኝ።

ተሸጠ፤ ወደ አገሩ። ሐሙስ ባልሆነ ቀን አንድ ጥቁር መኪና ኮሌጆው በር ላይ ቆመ። ሊንግሌዜ ራሱ ነው የሚነዳው። ከኋላ እናቴ ጄሚን አቅፋ ወረደች። እግዚኦ የነበረው ትርምስ! ልጆቹ እንደ ንብ ወረሩት። ደብተር ላይ፣ ክንድ ላይ፣ ቲሸርት ላይ ይፈርማል። ሱኦር ፒያ ያወረዱትን ፎቶ ከየት እንዳመጡት አላውቅም፣ ይዘው እየሮጡ መጡ፣ ፊታቸው ቲማቲም መስሏል። እናቴ ለምን እንደምታለቅስ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም። እንግዳ መቀበያው ክፍል አስገባችኝና በሩን ገፋ አደረገችው።

"ለአንድ ዓመት ነው" አለችኝ። "ጄሚ ያለ እኔ አይበላም፣ አይተኛም፤ እናቱም ወርቅነሽ ካልመጣች አልሄድም አለች። ሰውዬው ወረቀትሽን እጨርሳለሁ ብሏል፣ ከዚያ አንቺን ይወስድልኛል። ለአንቺ ብዬ ነው ሰብልዬ፣ ለአንቺ።"

ጄሚ ክንዷ ላይ ሆኖ ያየኛል። እኔም ያለ እሷ አልተኛም ልላት ነበር፣ ግን ለዓመታት ተኝቼ አሳይቻታለሁ። የእኔ ጥፋት ያ ከሆነ ጥፋት ነው።

በሩ ተከፈተና ሊንግሌዜ ጎንበስ ብሎ ገባ። ማልያውን አጣጥፎ ይዟል። በዚያ ስብርባሪ ጣልያንኛው "ብራቫ፣ ብራቫ" እያለ ሰጠኝ። አልተቀበልኩትም። በሚችለው ቋንቋ ልነግረው ፈለግኩ፣ እንግሊዝኛ አልችልም፣ የእሱ ጣልያንኛም ከብራቫ አያልፍም፣ በእናቴ ቋንቋ በአማርኛ ነገርኩት። "ልጅህን ራስህ አሳድገው!" አልኩት፣ ክፍሉ እስኪያስተጋባ። ሰውዬው ደንግጦ እናቴን አያት። እናቴ እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠረገችና ተረጎመችለት። ከእንግሊዝኛ የማውቃት አንዷ ቃል በትርጉሟ ውስጥ ነበረች። አመሰግናለሁ ትልሃለች ነው ያለችው። ሊንግሌዜ ሳቀ፣ ራሴን ደባበሰኝ፣ ማልያውንም ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጎልኝ ወጣ። በማልያው የእንግዳ መቀበያውን ወለል ወለወልኩበት። ጥሩ ጨርቅ ነበር፣ ውሃ ይጠጣል።

አንዱ ዓመት አንድ አልሆነም። ሊንግሌዜ እዚያም አልሆነለትም፣ ከክለብ ክለብ፣ ከከተማ ከተማ፣ እየወረደ ሄደ። ጉልበቱን ደጋግመው ቀደዱት፣ መጠጥ ለመደ፣ ሲኞራዋ ጥላው ሄደች። እሱ በተሸጠ ቁጥር እናቴ ዕቃ ትሸክፋለች፣ ጄሚን ይዛ ትከተላለች። የእኔን ወረቀት ያስታወሰው የለም። በስልክ "ዘንድሮን ብቻ፣ ልጁ አሁን ማንም የለውም እኮ" ትለኛለች። "እኔስ?" ልላት እልና ሱኦር ፒያ አጠገቤ ስለቆሙ እተወዋለሁ። ፔርሜሶዋን ለማሳደስ ብቅ ስትል ለጥቂት ቀን አያታለሁ፣ ከዚያ ደግሞ ትሄዳለች። የኳስ ሰዎች የዚያን ሰው ታሪክ በጎሉ ብዛት ነው የሚያወሩት። እኔ በሌላ መንገድ አውቀዋለሁ፤ የመጀመሪያ የወር አበባዬ ሲመጣ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ውስጥ ነበር።

ጫማውን ሲሰቅል እናቴ ተመለሰች። ጄሚንም አዳሪ ትምህርት ቤት አስገቡት። ፊውሚቺኖ አውሮፕላን ማረፊያ ልቀበላት ሄድኩ። ቁመቴ በልጧታል። ሦስት ጊዜ ጉንጭ ለጉንጭ ተሳሳምን፣ እንደ ዘመድ። ቶር ፒኛታራ የሚባል ሰፈር ሁለት ክፍል ተከራይታ፣ በሰዓት የሚከፈል ሥራ ይዛ፣ ማታ ማታ ቤቷ የምትገባ ሴት ሆነች። በመጨረሻ ሁልጊዜ ያለች እናት አገኘሁ፣ ግን ምን እንደማደርጋት አላውቅም ነበር። እሷም እኔን። አማርኛዬን እንኳ ያቃናሁት ካደግኩ በኋላ ነው።

እንግዲህ ያን ቀን ከሥራ ስወጣ በቀጥታ እሷ ዘንድ ሄድኩ። አሁን አርጅታለች፣ ወገቧን ያማታል።

"ሰውዬሽን ቴሌቪዥን ላይ አየሽው?" አልኳት ገና ሳልቀመጥ።

"አየሁት። ወፈረ እኮ! ለዚያ ጉልበቱ ጥሩ አይደለም፣ መቀነስ አለበት።"

ፈነዳሁ። ሮም ቤተሰብ አስተማረችኝ ማለቱን፣ ያስተማረችው ሮም ሳትሆን እሷ መሆኗን፣ የከፈልኩት እኔ መሆኔን፣ ሁሉንም ጮኼ ነገርኳት። የላይ ቤት ጎረቤት ወለሉን መታ። እናቴ የጠረጴዛውን ልብስ እያቃናች ሰማችኝ። ይቅርታ እንድትለኝ ነበር የፈለግኩት፤ አልዋሽም፣ አንዲት ይቅርታ።

"ምን ላድርግ ነበር የምትዪኝ?" አለችኝ በመጨረሻ፣ ሳትቆጣ። "ሰውዬውን ተይው። ሕፃን ግን ክንድሽ ላይ ሲያድግ ያንቺ አይደለም ተብሎ በአንድ እጅ አይያዝም። እሑድ ጄሚ ሊጠይቀኝ ይመጣል። አንቺም ነይ።"

ኮሌጆው ዛሬ የቱሪስት ማረፊያ ሆኗል፤ መስመሬ በፊቱ ያልፋል፣ ሻንጣ የሚጎትቱ ሰዎች ከዚያ በር ሲወጡ አያለሁ። ተርሚኒ ፊት ለፊት ሐሙስ ከሰዓት የሚሰበሰቡት አሁን የሌላ አገር ሴቶች ናቸው፣ ስልካቸውን ፊታቸው ላይ አቁመው የልጆቻቸውን መልክ ያያሉ። እኛ ያ አልነበረንም። የሚሻል ይሁን የሚብስ እንጃ። አንዳንዴ ቀይ መብራት ሲይዘኝ አያቸዋለሁ፣ አረንጓዴ ሆኖም ከኋላዬ ክላክስ እስኪነፋብኝ።

እሑድ ሄድኩ፤ ላለመሄድ ስንት ምክንያት ፈጥሬ። ጄሚ የአባቱ ቁመት፣ የአባቱ ገለባ ፀጉር ያለው ትልቅ ሰው ሆኗል፣ እሱ ግን ኳስ አይወድም፣ አናጺ ነው። ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገባ። በሁለት እጁ ጨበጠኝ፤ በደህና ጊዜ ባገኘው ልወደው እችል ነበር መሰለኝ። እናቴ ዶሮ ወጥ ሠርታ ነበር። ጠረጴዛው ዙሪያ ተቀመጥን፤ እኔ መነኮሳቱ እንዳስተማሩኝ ቀጥ ብዬ፣ ክርኔን ከጠረጴዛው አርቄ።

እናቴ ጠቀለለች። እጇ ጠረጴዛውን አቋርጦ ሄደ፣ እሱም ወሬውን ሳያቋርጥ፣ ዞር እንኳ ሳይል አፉን ከፈተ። ጎረሰ። ሁለቱም ምን እንዳደረጉ አላስተዋሉም፤ ሺህ ጊዜ የተደረገ ነገር ነው። እኔ ሹካዬን እንደያዝኩ ቀረሁ።

ከዚያ ሁለተኛውን ጠቀለለችና ወደ እኔ ዞረች። እጇ መንገድ ላይ ቆመ።

"ትፈልጊያለሽ?" አለችኝ።

እሱን አልጠየቀችውም።

"እፈልጋለሁ!" አልኳት። ጮኼ ኖሯል፤ ጄሚ ደንግጦ ማኘኩን አቆመ። ሹካዬን አስቀምጬ አፌን ከፈትኩ።